ምረቃን የሚፈራ ገበሬ
(ስለ ጥሪት፣ ስለ ርዳታ መዝገብ፣ ከአንዱም መዝገብ ወደ ሌላው ስለ መሻገር)

በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ውስጥ «ምረቃ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ፊቱ የማይፈካ ተማሪ አይገኝም። ዓመታት የምንደክመው፣ ወላጆቻችንም ያላቸውን አሟጠው የሚልኩልን ለዚያች ቀን ነው። ነገር ግን ይኸው ቃል በአገራችን ገጠር ሌላ ትርጉም ይዞ ከገባ ቆይቷል። በሴፍቲኔት መዝገብ ውስጥ የነበረ ገበሬ «ጥሪት አፍርተሃልና ከእንግዲህ ራስህን ቻል» ተብሎ ስሙ ከመዝገብ ሲወጣ «ተመረቀ» ይባላል። የእኛ ተመራቂ ጋዋን ለብሶ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ያኛው ተመራቂ ግን አንዳንድ ጊዜ «ስሜ ለምን ወጣ?» ሲል ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይሄዳል። አንዱ ቃል ለአንዱ ደስታ፣ ለሌላው ሥጋት የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን መመርመር ነው።

ውድ አንባቢ፣ ጉዳዩ የሌላ ሰው ጉዳይ እንዳይመስልህ። ከመካከላችን ብዙዎቹ ከእንደዚህ ያለ ቤት የወጡ ናቸው። ከዚህም በላይ የግብርና፣ የጤና ወይም የኤኮኖሚክስ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ወረዳ የሚመደበው ባልንጀራችን ነገ መዝገቡን በእጁ ይይዛል። «ይህ ሰው ድኻ ነው፣ ይህ አይደለም» ብሎ የሚፈርመው እርሱ ነው። ሳያውቅ ቢፈርም የሚጎዳው እርሱ ሳይሆን በርቀት ያለ ቤተ ሰብ ነው።

፩. ጥሪት ምንድን ነው?

በከተማ ቁጠባ ሲባል ወዲያው የምናስበው የባንክ ደብተር ነው። በቡሬ፣ በጃቢ ጠህናን ወይም በወንበርማ ገጠር ግን ቁጠባ ብዙ መልክ አለው። በጎተራ ያለ በቆሎ ቁጠባ ነው። ዋጋ እስኪወጣለት ተብሎ በጆንያ የተቀመጠ በርበሬ ቁጠባ ነው። በጓሮ የተተከለ ባሕር ዛፍ ልጅ እስኪዳር የሚጠብቅ ቁጠባ ነው። በግና ፍየል ለክፉ ቀን የሚሸጡ ቁጠባ ናቸው። የዕቁብ ዕጣም ቁጠባ ነው፤ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ በተባለው፣ የተቀመጠውም ገንዘብ ቁጠባ ነው።

መሬት ግን ከነዚህ ሁሉ ይለያል። ገበሬው ይጠቀምበታል እንጂ ሊሸጠው አይችልም። በአማራ ክልል ሰፊው የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ለአቅመ አዳም የደረሰው ወጣት ከወላጆቹ ካልወረሰ ወይም ካልተከራየ በስተቀር የሚያርሰው የለውም። ስለዚህ በአንድ ለም ቀበሌ ውስጥ ጎተራው የሞላ ገበሬና በቀን ሥራ የሚያድር መሬት አልባ ወጣት ጎን ለጎን ይኖራሉ። የወረዳው ስም «ትርፍ አምራች» መባሉ የዚያን ወጣት ሆድ አይሞላም።

እንግዲህ ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ጥሪት አንዳንዱ ለዓይን ይታያል፤ አንዳንዱ አይታይም። ፍየል ትታያለች፤ የባንክ ደብተር አይታይም። መዝገብ የሚይዝ ሰው ደግሞ የሚቆጥረው በአብዛኛው የሚያየውን ነው።

፪. ሦስት መዝገቦች፣ ሦስት ሚዛኖች

ሀ) የገጠሩ ሴፍቲኔት። ይህ ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ተጀመረ። ከዚያ በፊት ርዳታ የሚመጣው ድርቅ በደረሰ ቁጥር በልመና ነበር፤ አዲሱ አሳብ ግን ዘወትር እህል ለሚያጥረው ቤተ ሰብ አስቀድሞ በታወቀ ጊዜ ርዳታ መስጠት ነው። ጉልበት ያለው በእርከን ሥራ፣ በመንገድና በኩሬ ቁፋሮ ይሠራል፤ ጉልበት የሌለው አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ለመመዝገብ የቀበሌው ነዋሪ መሆን፣ ባለፉት ሦስት ዓመታትም በየዓመቱ ሦስት ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ የእህል እጥረት የደረሰበት መሆን ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የመሬቱ ስፋት፣ የከብቱ ቁጥር፣ ሌላም ገቢው ይታያል። የተመረጡት ስም በሕዝብ ፊት ይነበባል።

በዚህ ፕሮግራም ጥሪት ማፍራት መውጫ በር ነው። በአማራ ክልል በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተቆረጠው የምረቃ ልክ የቤተ ሰቡ ንብረት ተገምቶ ለአንድ ነፍስ 4,200 ብር ሲደርስ ነበር። ዓላማው ግን ከቁጥሩ ይሰፋል፤ የተመረቀ ቤተ ሰብ ያለ ርዳታ ዓመቱን ሙሉ የሚበላውን አግኝቶ፣ መጠነኛ ችግር ቢደርስበትም መቋቋም የሚችል መሆን አለበት።

ለ) የከተማው ሴፍቲኔት። ይህ በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በዐሥር ሌሎች ከተሞች ተጀመረ፤ ከአማራ ክልል በመጀመሪያ የገባችው ደሴ ብቻ ነበረች። በኋላ ከሰማንያ ወደሚበልጡ ከተሞች ሰፋ። እዚህ ላይ አስደናቂ ነገር እናገኛለን። በከተማው ፕሮግራም ሠራተኛው ከሚከፈለው ደመወዝ ከመቶ ሃያውን እንዲቆጥብ ይገደዳል! ቁጠባው ሲጠራቀም ከመቋቋሚያው ገንዘብ ጋር ተደምሮ ለጉሊት፣ ለዶሮ እርባታ ወይም ለሌላ ሥራ መነሻ ይሆነዋል። በገጠሩ መዝገብ ጥሪት ሲያድግ ስምህ ይወጣል፤ በከተማው መዝገብ ካልቆጠብህ ሕጉን አፈረስህ ማለት ነው።

ሐ) የጤና መድኅን። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ከነዚህ አንዱ ያን ጊዜ በምዕራብ ጎጃም ዞን ሥር የነበረው ደቡብ አቸፈር ነው። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ከነቤተ ሰቡ ይታከማል። መክፈል የማይችለው «የድኻ ድኻ» ተብሎ በቀበሌ ከተመረጠ ግን መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለትና እንደ ማንኛውም አባል መታወቂያ ይዞ በጤና ጣቢያ፣ ሪፈር ሲጻፍለትም እስከ ሆስፒታል ይታከማል። ይህ መዝገብ ሴፍቲኔት በሌለባቸው በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያም አለ። ሚዛኑ ግን ጠባብ ነው። መሬትም፣ ከብትም፣ የሚደግፍ ዘመድም የሌለው እንጂ፣ «ትንሽ ያለው» አይገባበትም።

፫. የአንዲት ጥጃ ሒሳብ

አሁን በቁጥር እንየው። አምስት ነፍስ ያለው ቤተ ሰብ በ2002 ዓ.ም. በሴፍቲኔት ውስጥ ነበር እንበል። የምረቃው ልክ 5 ጊዜ 4,200፣ ይኸውም 21,000 ብር ነው። ለእያንዳንዱ ነፍስ በወር አምስት ቀን ሥራ ስለሚታሰብ ቤተ ሰቡ 25 ቀን ይሠራል። የዚያን ዘመን የቀን ክፍያ 10 ብር ስለ ነበረ በወር 250 ብር፣ በስድስት ወር 1,500 ብር ያገኛል። (በእህል ሲከፈል ለአንድ ቀን ሦስት ኪሎ ነበር።)

የቤተ ሰቡ ንብረት 20,500 ብር ተገመተ እንበል። አባወራው ከዕቁቡ 800 ብር ወጥቶለት ጥጃ ሊገዛ አሰበ። ከገዛ ንብረቱ 21,300 ይሆናል፤ ልኩን አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ 800 ብር ለጨመረበት ጥሪት በየዓመቱ 1,500 ብር ይቀርበታል። ገበሬው ማንበብና መጻፍ ባይችል እንኳ ይህን ሒሳብ ከእኛ ፈጥኖ ያሰላዋል። ጥጃዋን አይገዛም፤ ቢገዛም ከሩቅ ዘመድ ቤት ያስራታል። ጥፋቱን ሁሉ «ተረጂነት ለምዶበት ነው» ብለን በገበሬው ስንፍና ላይ የምንጥል ከሆነ ሒሳቡን አላየንም ማለት ነው። ገደሉን የቆፈረው ሕጉ ነው፤ ገበሬው ከገደሉ አፋፍ ራቀ እንጂ ሌላ ምን አደረገ?

ከዚህ ላይ ሁለት የስሌት ስሕተቶች ይጨመራሉ።

አንደኛው የዋጋ ነገር ነው። በ2000 ዓ.ም. በአገራችን የምግብ ዋጋ በኃይል እንደ ናረ ይታወቃል። ዋጋ ሲንር የበሬም ዋጋ ይንራል። ልኩ በብር ተቆርጦ ባለበት ቆሞ ከቀረ፣ ትናንት 2,000 ብር የነበረው ያው በሬ ዛሬ 4,000 ብር ይገመትና ቤተ ሰቡ ተኝቶ አድሮ ሲነሣ «ሀብታም» ይሆናል። በሬው ግን ቀንድ አልጨመረም፤ የሚያርሰውም ያችኑ መሬት ነው።

ሁለተኛው የዕዳ ነገር ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 500 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ አለ እንበል። ዕጣው 6,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው 6,000 ብር በእጁ ቢይዝም ገና 5,500 ብር ዕዳ አለበት፤ የራሱ የሆነው 500 ብቻ ነው። መጨረሻ የሚወጣለት ሰው ግን በዐሥራ አንደኛው ወር 5,500 ብር ከፍሎ ሳለ በእጁ ምንም አይታይም። መዝጋቢው በር ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን «ባለጸጋ»፣ የመጨረሻውን «ባዶ» ይላል። እውነቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ብድር ወስዶ በሬ የገዛም እንደዚሁ ነው፤ በሬው በበረት ይታያል፣ የብድሩ ወረቀት በሣጥን ይቀራል። በሴፍቲኔት ወረዳዎች አንዳንዱ ገበሬ ለንብረት ማፍሪያ የሚሰጠውን ብድር መውሰድ የፈራው ስለዚህ ነው።

፬. ከላይ ጋይንት እስከ ቡሬ

እስከ አሁን ያየነው በአንድ ስፍራ የተቀመጠውን ሰው ነው። ሰው ግን ይሄዳል። ከላይ ጋይንት ወይም ከወሎ ደጋ ተነሥቶ ሥራ ፍለጋ ወደ ጎጃም የሚመጣ ሰው አለ። በመከር ለአጨዳና ለበርበሬ ለቀማ መጥቶ፣ ኋላም ቤት ተከራይቶ በዚያው የሚቀር አለ። ይህ ሰው ምን ይገጥመዋል?

በመጀመሪያ፣ የሴፍቲኔት መብት የቀበሌ መብት ነው፤ ከሰውዬው ጋር አይጓዝም። ቡሬና ጃቢ ጠህናን በእህል ምርታቸው የታወቁ ናቸውና የገጠሩ ሴፍቲኔት ወረዳዎች አልሆኑም። ስለዚህ ያ ሰው ከትውልድ ቀበሌው መሸኛ ደብዳቤ ሲወስድ ከአንዱ መዝገብ ይወጣል፤ የሚገባበት ተመሳሳይ መዝገብ ግን የለም። መሸኛ ባይወስድ ደግሞ በአዲሱ ቀበሌ እንግዳ ሆኖ ይቀራል፤ በጤና መድኅኑም ለመመዝገብ ነዋሪነቱ መታወቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ ሲነሣ ፍየሎቹንና የቤቱን ቆርቆሮ ሸጦ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ይመጣል። ይህ ገንዘብ ለቤት ኪራይ፣ ለልጆች ትምህርትና ሥራ እስኪገኝ ለቀለብ የተያዘ ነው። በአዲሱ ቀበሌ «የድኻ ድኻ» ሲመረጥ ግን «ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው ነው» የሚል ወሬ ቢቀድመው ማን ይመርጠዋል? ምርጫው በጎረቤት ምስክርነት የሚካሄድ ነውና፣ ገመናውን የሚያውቅለት ጎረቤት የሌለው ሰው ሁለት ጊዜ ድኻ ነው። ገንዘቡም በሦስትና በአራት ወር ያልቃል፤ ስሙን ያበላሸው ወሬ ግን አያልቅም።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርም ነው። የመንግሥቱ መዝገብ ጥሪት ያለውን ሲገፋ፣ የሕዝቡ ማኅበር ደግሞ ጥሪት የሌለውን ይገፋል። ዕድር ዘግይቶ ለሚገባ እንግዳ፣ የቀደሙት አባሎች ካጠራቀሙት ጋር እንዲመጣጠን የመግቢያ ክፍያ የሚጠይቅበት ቦታ ብዙ ነው። ዕቁብም ዋስ ይጠይቃል። ሞት ግን መግቢያ እስኪከፈል አይጠብቅም። እንግዲህ ያ መንገደኛ በአንደኛው በር ለመግባት እጁ ባዶ መሆን አለበት፤ በሁለተኛው በር ለመግባት እጁ የሞላ መሆን አለበት። እጅ ግን አንድ ነው።

ይህ ሁሉ ሊቀር የማይችል የተፈጥሮ ሕግ ነውን? አይደለም። በ1995 ዓ.ም. መንግሥት የሠፈራ ፕሮግራም ሲጀምር ከገባቸው ቃሎች አንዱ፣ ሠፋሪው በቀድሞ ቀበሌው ያለው የመሬት መብት ለሦስት ዓመት ይጠበቅለታል የሚል ነበር። አዲሱ ስፍራ ባይስማማው ተመልሶ የሚያርፍበት እንዳያጣ ነው። በሠፈራው አፈጻጸም ላይ ብዙ ወቀሳ ቢቀርብም ይህ አሳብ ብቻውን ሲታይ ማለፊያ ነው። የሚሻገር ሰው አንድ እግሩን ከማንሣቱ በፊት ሌላው መርገጫ ሊኖረው ይገባል።

፭. በሌላው ዓለም

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ዩኒቨርሳል ክሬዲት በተባለው ርዳታ፣ ቁጠባው እስከ 6,000 ፓውንድ ድረስ የሆነ ሰው ምንም አይቀነስበትም። ከ6,000 በላይ ለያንዳንዱ 250 ፓውንድ በወር 4 ፓውንድ ከ35 ፔንስ ገቢ እንዳለው ተቆጥሮ ይቀነስበታል። ለምሳሌ 10,000 ፓውንድ ያለው ሰው በወር 69 ፓውንድ ከ60 ፔንስ ይቀነስበታል። ከ16,000 በላይ ያለው ግን ፈጽሞ አያገኝም። አስቀድሞ የነበረው የግብር ክሬዲት የሚባለው ርዳታ ለቁጠባ ወሰን አልነበረውም፤ እርሱም በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ጨርሶ ተዘጋ። ታዲያ መንግሥት ራሱ ደብዳቤ ጽፎ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ያዛወራቸው ሰዎች ከ16,000 በላይ ቁጠባ ቢኖራቸውም፣ ለ12 ወር ትርፉ እንዳይታይባቸው ተደረገ። በገዛ ፈቃዱ ቀድሞ የተሻገረ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። በዚያም አገር ቢሆን እንዴትና መቼ እንደሚሻገሩ ማወቅ ዋጋ አለው ማለት ነው።

በአሜሪካ ደግሞ ለድኻ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ ርዳታ አለ። ብቻውን የሚኖር ሰው ከ2,000 ዶላር በላይ ጥሪት ካለው አይሰጠውም። ይህ ልክ ከ1981 ዓ.ም. ወዲህ ሳይለወጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየ፤ የዳቦ ዋጋ ግን ቆሞ አልጠበቀውም። ከላይ ስለ በሬው ዋጋ የተናገርነው በባለጸጋው አገርም ደርሷል ማለት ነው።

፮. መልስ የሚያስፈልገው ተቃውሞ

አንድ ባልንጀራ እንዲህ ሊለኝ ይችላል። «ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ ችግረኛው ብዙ ነው። ያለውን ካላስወጣን የሌለው እንዴት ይገባል?» ጥያቄው እውነተኛ ነው። ወሰን የሌለው መዝገብ ለጮሌው እንጂ ለድኻው አይጠቅምም። እኔም ወሰን አይኑር አላልኩም፤ ነገር ግን ወሰን ገደል መሆን የለበትም እላለሁ። ከሰገነት በደረጃ መውረድና ተወርውሮ መውረድ ሁለቱም መውረድ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የተሰበረው እግር ነው።

ደረጃው ምን ዓይነት ይሁን? እንደኔ አስተያየት አራት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛ፣ የሥራ መሣሪያ የሆነ ጥሪት፣ ለምሳሌ ጥማድ በሬ፣ ከሚሸጥ ጥሪት ተለይቶ ይቆጠር፤ በሬውን ሸጠህ ብላ ማለት እርሻውን ብላ ማለት ነውና። ሁለተኛ፣ ንብረት ሲገመት ዕዳው ይቀነስ። ሦስተኛ፣ በብር የተቆረጠ ልክ ከገበያው ጋር ይታደስ። አራተኛ፣ ልኩን ያለፈ ሰው ርዳታው በአንድ ቀን ሳይሆን በየጊዜው እየቀነሰ ይቅርለት። በሴፍቲኔቱ መመሪያ ልኩን የደረሰ ቤተ ሰብ አንድ ዓመት ተጨማሪ እንዲቆይ መባሉ ጥሩ ጅማሬ ነበር፤ ነገር ግን ከሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ጋር የተያዘ ውርርድ ነው። ዝናቡ ከቀረ ምረቃውም ይቀራል።

፯. እስከዚያው እኛ ምን እናድርግ?

ሕግ የሚወጣው በእኛ እጅ አይደለም። በእጃችን ያለው ግን ትንሽ አይደለም። ለዕረፍት ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬ፣ ወደ ደምበጫ ወይም ወደ ሌላ አገራችን ስንሄድ ለቤተ ሰብና ለጎረቤት የምንነግራቸው ቁም ነገር አለ።

መኖሪያ የሚለውጥ ሰው መሸኛ ሳይዝ አይነሣ፤ በመሸኛውም ላይ በየትኛው መዝገብ ውስጥ እንደ ነበረ እንዲጻፍለት ይጠይቅ። የጤና መድኅን መዋጮ የሚከፈለው በዓመት አንድ ጊዜ ነውና፣ መከር ገብቶ እጅ ላይ ገንዘብ ሲኖር ይክፈል፤ በሐምሌ የታመመ ሰው በጥር የረሳውን መዋጮ አያገኘውም። ብድርና ዕቁብ ያለበት ሰው ወረቀቱን ያስቀምጥ፤ ንብረቱ ሲገመት በቃል ሳይሆን በወረቀት ዕዳውን ያሳይ። ስሙ ያለ አግባብ የወጣበት ሰው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ መኖሩን ይወቅ፤ አቤቱታ መጻፍ የማይችል ከሆነ ጽፎ መስጠት የእኛ ፈንታ ነው። ለዚህ ዲግሪ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ ወረቀትና አንድ ብዕር ይበቃል።

ነገ መዝገቡን የምትይዘው ወንድሜ፣ የምትይዢውም እኅቴ ደግሞ ይህን አስቡ። እኛ በዚህ ግቢ የምንበላው እንጀራ ሲቀርብልን «የአባትህ በሬ ስንት ነው? የእናትሽ ፍየልስ?» ብሎ የጠየቀን የለም። ሳንጠየቅ በልተን የተማርን ሰዎች ሌላውን ስንጠይቅ ቢያንስ በትክክል እንጠይቅ። በበረት የታሰረውን ብቻ ሳይሆን በሣጥን ያለውን የዕዳ ወረቀት፣ የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የከርሞውን ዝናብ እንጠይቅ። ያን ጊዜ ምናልባት በገጠሩም «ተመረቅህ» የተባለ ሰው እንደ እኛ እናቱ እልል ትልለት ይሆናል።